የቦቢ ፊሸር «የማይረሱ 60 ጨዋታዎቼ»፦ ተከታይ ያላገኘ መጽሐፍ

ቦቢ ፊሸር «የማይረሱ 60 ጨዋታዎቼ» የተሰኘውን የቼዝ መጽሐፉን በ1969 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲያሳትም ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር፤ ሆኖም በ14 ዓመቱ የአሜሪካ ሻምፒዮን፣ በ15 ዓመቱ ደግሞ ግራንድማስተር (በቼዝ ከፍተኛው ማዕረግ) ከሆነ ብዙ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። መጽሐፉ ከ1957 እስከ 1967 ካደረጋቸው ጨዋታዎች መካከል ራሱ የመረጣቸውንና ራሱ የተነተናቸውን ይዟል። ስለ ባከነ ተሰጥኦ በተወራ ቁጥር የፊሸር ስም ከፊት ከሚነሡት አንዱ ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን የሚያውቀው አመሉን፣ ጭቅጭቁንና ድንገት ከመድረክ መጥፋቱን እንጂ ሥራውን አይደለም። በትክክል ምን እንደባከነ ማየት ለሚፈልግ አንባቢ ከየትኛውም የሕይወት ታሪክ ይልቅ ይህ መጽሐፍ ይበልጥ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

መጽሐፉን ከብዙዎቹ የሻምፒዮኖች ስብስቦች የሚለየው የምርጫው ሐቀኝነት ነው። ከ60ዎቹ ጨዋታዎች 9ኙ በአቻ ያለቁ፣ 3ቱ ደግሞ ፊሸር በሶቪየት ተጫዋቾቹ በታል፣ በስፓስኪና በጌለር የተሸነፈባቸው ናቸው። በአንጻሩ በ13 ዓመቱ ዶናልድ በርንን ያሸነፈበትና «የክፍለ ዘመኑ ጨዋታ» የሚል ስም የወጣለት ዝነኛ ጨዋታ አልተካተተም። ስለ ራሱ ያለው ግምት እጅግ ከፍ ያለ እንደነበር በሚነገርለት ሰው ዘንድ እንዲህ ያለ ምርጫ መገኘቱ ያስገርማል። ሽንፈቶቹን የሚተነትነውም ሰበብ ሳይደረድር፣ የተጋጣሚውን ብልጫ ሳይሸሽግ ነው። በ1960 በአርጀንቲና ስፓስኪ «የንጉሥ ጋምቢት» የተባለውን ጥንታዊ አከፋፈት (የጨዋታ አጀማመር ስልት) ተጠቅሞ ረታው፤ ፊሸር በ1961 ያ አከፋፈት ፈጽሞ እንደማያዋጣ የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳተመ፤ በ1963 ደግሞ ነጭ ሲይዝ ያንኑ አከፋፈት በራሱ መንገድ ይዞት ወጣ። ከሽንፈት የሚማረው እንዲህ ነበር።

የመጽሐፉ ጉልላት፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ 48ኛው ጨዋታ ነው። ፊሸር 11 ጨዋታዎችን ተጫውቶ 11ዱንም ባሸነፈበት የ1963–64 የአሜሪካ ሻምፒዮና ላይ የተደረገ ሲሆን፣ ተጋጣሚው የዶናልድ ወንድም ሮበርት በርን ነው። ጥቁር የያዘው ፊሸር በ15ኛው እርምጃ ፈረሱን ከነጩ ንጉሥ አጠገብ ባለው ወታደር ላይ ሠዋ። ጥቂት እርምጃዎች እንዳለፉ ሁለተኛው ፈረሱ በዋጋ ከቢሾፕ የሚበልጠውን የነጩን ሩክ ለመውሰድ የሚችልበት ቦታ ላይ ደረሰ፤ ማንም ተጫዋች ሩኩን ያነሣል፤ ፊሸር ግን ሩኩን ትቶ ንጉሡን የሚከልለውን ቢሾፕ በላው። በ21ኛው እርምጃ በርን እጁን ሲሰጥ፣ ጨዋታውን ለተመልካች ያብራሩ የነበሩ ግራንድማስተሮች ያሸንፋል ብለው ያሰቡት በርንን ነበር። ፊሸር በማብራሪያው በርን ቢቀጥል ኖሮ ምን እንደሚጠብቀው ያስቀምጣል፤ እዚያም ዳግመኛ መሥዋዕትነት አለ፣ እሱም ሰሌዳው ላይ ሳይታይ በማስታወሻው ውስጥ ብቻ የቀረ ነው። ሰሌዳ ዘርግቶ ይህን ገጽ ቀስ ብሎ የሚከተል አንባቢ ተሰጥኦ የሚባለው ነገር ሲሠራ በዓይኑ ያየዋል።

ብክነቱም በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ይጀምራል። የመጨረሻው፣ 60ኛው ጨዋታ በ1967 በቱኒዚያ፣ ሱስ ከተማ የሶቪየቱን ስታይንን ያሸነፈበት ነው፤ ውድድሩ ለዓለም ሻምፒዮናነት የሚያበቃ ማጣሪያ ሲሆን፣ ፊሸር በጨዋታ መርሐ ግብር ምክንያት ከአዘጋጆቹ ጋር ተጣልቶ ጥሎ የሄደው ከ10 ጨዋታ 8½ ነጥብ ሰብስቦ እየመራ ሳለ ነው። መጽሐፉ ስለዚህ ሁሉ ሳይሆን ስለ ጨዋታው ያወራል፤ ታሪኩን የሚያውቅ አንባቢ ግን የመጨረሻዎቹን ገጾች ሲያነብ ሌላ ነገር ማሰቡ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ የመጣው እጅግ የላቀው ዘመኑ ነው። በ1971 ለዓለም ሻምፒዮናነት በሚያበቁት የማጣሪያ ግጥሚያዎች ታይማኖቭን 6 ለ 0፣ ላርሰንንም 6 ለ 0 ረታ፤ ፔትሮስያንን አሸነፈ፤ በ1972 በአይስላንድ ዋና ከተማ ሬይኪያቪክ ላይ የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸንፎ፣ ሁለተኛውን ባለመቅረቡ ተቀጥቶ፣ በመጨረሻ የወቅቱን ሻምፒዮን ስፓስኪን 12½ ለ 8½ በሆነ ውጤት አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በስድስተኛው ጨዋታ ተሸናፊው ስፓስኪ ራሱ ከተመልካቹ ጋር አጨብጭቦለታል። ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዱንም ግን በዚህ መጽሐፍ በለመድነው መንገድ በፊሸር አንደበት ተብራርቶ አናገኘውም፤ በ2008 በ64 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ስብስብ አላሳተመም። የባከነው ዋንጫ ብቻ አይደለም። ዋንጫውንማ አግኝቶታል። የጠፋው በዓለም ላይ ከማንም በላይ ያየ ሰው ያየውን የሚነግርበት ዓመታት ናቸው።

ለምን? ብዙ ጊዜ የባከነ ተሰጥኦ ሲባል መጠጥ፣ ቁማር፣ ስንፍና ይታሰባል፤ ፊሸር ግን ከሁሉም የራቀ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሌት ተቀን የሠራ ሰው ነበር። በ1975 ማዕረጉን ለመከላከል ከሶቪየቱ ካርፖቭ ጋር መጫወት ሲገባው ጨዋታው አንዱ ወገን 10 ጊዜ እስኪያሸንፍ እንዲቀጥል፣ የጨዋታው ብዛት እንዳይገደብና 9 ለ 9 ሲደረስ ሻምፒዮኑ ማዕረጉን እንዲይዝ ጠየቀ፤ የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ተቀብሎ ሦስተኛውን ስላልተቀበለ ማዕረጉን ለቀቀ። እዚህ ላይ የማየው መጽሐፉን ታላቅ ያደረገውን ያንኑ ጥብቅነት ነው፦ በማስታወሻው ውስጥ በግማሽ እውነት የማይረካ ሰው፣ ከሰሌዳው ውጭም በግማሽ ስምምነት አልረካም። ሰሌዳው ላይ ትክክሉ ይገኛል፤ ከሰዎች ጋር በሚደረግ ድርድር ግን እንዲያ ዓይነት ትክክል የለም። በኋለኛው ዘመኑ በሬዲዮ ያሰማው የነበረውን ፀረ አይሁዳዊ የጥላቻ ንግግር ግን በዚህ ጥብቅነት ማመካኘት አይቻልም፤ እሱ ሌላና የከፋ ጉዳይ ነው።

በ17ኛው ጨዋታ ፊሸርን ያሸነፈው ታል ለማነጻጸር ጥሩ ነው። ታል በ1960 በ23 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ በዓመቱ ማዕረጉን ተነጠቀ፤ ዕድሜውን ሙሉ በኩላሊት ሕመም ሲሰቃይ ኖረ፤ ነገር ግን በ1992 እስኪሞት ድረስ መጫወቱን አላቆመም። የሁለቱን ማብራሪያዎች ጎን ለጎን ለሚያነብ ሰው ፊሸር ይበልጥ ትክክለኛ፣ ታል ይበልጥ ደስተኛ ሆነው ይታዩታል።

እንደ ዕቃ ሲመዘን መጽሐፉ እንከን የለሽ አይደለም። አማራጭ እርምጃዎቹ ተደራርበው ስለሚመጡ ለጀማሪ ይከብዳሉ፤ ግራንድማስተር ላሪ ኢቫንስ በየጨዋታው መግቢያ ላይ የጻፋቸው አጫጭር አንቀጾችም ጨዋታውን ያስተዋውቃሉ እንጂ ብዙም አያስተምሩም። ከኮምፒውተር በፊት የተሠራ በመሆኑ አንዳንድ ፍርዶቹ ዛሬ ስሕተት ሆነው ተገኝተዋል፤ ይህ ግን ዋጋውን አይቀንሰውም። ገዢ ሊጠነቀቅበት የሚገባው የእትሙ ጉዳይ ነው፦ የመጀመሪያው እትም እርምጃዎችን የሚጽፈው አሁን ብዙ ሰው በማያውቀው አሮጌ ዘዴ ነው፤ በ1995 በአዲሱ ዘዴ የወጣው ደግሞ የፊሸርን ትንታኔ እየነካካ በመለወጡ በራሱ በፊሸር ሳይቀር ክፉኛ ተነቅፏል። በ2008 የወጣው እትም አዲሱን የአጻጻፍ ዘዴ ይዞ ወደ ደራሲው ቃል ስለተመለሰ የምመክረው እሱን ነው። የ1970–72 ጨዋታዎችን የሚሻ ሰው ግን ሌሎች ተንታኞች የጻፉትን ለብቻው መግዛት ይኖርበታል።