ለሲዲ4 የትኛው ክሎን፣ የትኛው ቀለም? የፍሎረሰንት አንቲቦዲዎች ንጽጽር ለባሕር ዳር ገዢዎች

ባሕር ዳር ሆኖ ለፍሎው ሳይቶሜትሪ ሥራ (ሴሎችን በሌዘር ፊት አንድ በአንድ እያሳለፉ በሚሰጡት ብርሃን ለመለየት) አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል፣ የሚያዝ ተመራማሪ ፕሮፎርማው (የሻጩ የዋጋ ማቅረቢያ) ሲደርሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ዋጋው ላይ ነው። በእኔ ግምት ግን አስቀድሞ መነበብ ያለበት ከአንቲቦዲው ስም ጎን በትንሽ ፊደል የተጻፈው የክሎን ስም፣ ማለትም አንቲቦዲው ከየትኛው የሴል ዘር እንደተመረተ የሚለየው ስም ነው፤ ከአንቲቦዲው ጋር የተያያዘው የሚያበራ ቀለም ሁለተኛ ይታያል፣ ዋጋው ከሁሉም በኋላ።

ሲዲ4ን፣ ማለትም በአንዳንድ ነጭ የደም ሴሎች ላይ የሚገኘውን ፕሮቲን፣ ለማግኘት የሚሸጡት ክሎኖች ብዙ ሲሆኑ ሁሉም የሚይዙት አንድ ፕሮቲን ቢሆንም የሚይዙበት ቦታ ይለያያል። ኦኬቲ4 የተባለው ክሎን የሚጣበቅበት ክፍል በአንዳንድ ሰዎች ላይ በዘር በሚተላለፍ ለውጥ ምክንያት ቅርፁ የተለየ ነው፤ ይህም ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አፍሪካዊ የዘር ግንድ ባላቸውና በጃፓናውያን ዘንድ የታወቀ ጉዳይ ነው። ለውጡን ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ ጤነኛ ሰው በዚህ ክሎን ሲመረመር ሲዲ4 ሴል የሌለው ይመስላል፣ ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ደግሞ ምልክቱ ወደ ግማሽ ይደበዝዝበታል። አርፒኤ-ቲ4 እና ኤስኬ3 የሚጣበቁት በሌላ የፕሮቲኑ ክፍል ላይ ስለሆነ ይህ ችግር አያገኛቸውም። ስለዚህ በእኛ አካባቢ ሰዎች ላይ ለሚሠራ ጥናት ኦኬቲ4ን በርካሽ ከመግዛት ከሁለቱ አንዱን በውድ መግዛት ይሻላል፤ ለግዥ ክፍል በሚላከው ዝርዝር ላይም ከክሎኑ ስም ቀጥሎ «ወይም ተመሳሳይ» የሚል ሐረግ ባይጨመር እመክራለሁ፤ እዚህ ላይ ተመሳሳይ የሚባል ነገር የለምና።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ ወሳኙ ማሽኑ ነው። ሰማያዊ (488 ናኖ ሜትር) እና ቀይ (635 ናኖ ሜትር አካባቢ) ሌዘር ባለው ባለ አራት ቀለም ማሽን የተለመዱት ቀለሞች ፊትሲ፣ ፒኢ፣ ፐርሲፒ እና ኤፒሲ ናቸው። ፊትሲ ትንሽና ርካሽ ሞለኪውል ነው፤ ወደ 520 ናኖ ሜትር በሚጠጋ አረንጓዴ ብርሃን ያበራል፣ አሲድነት ባለው መፍትሔ ውስጥ ግን ይደክማል። አሌክሳ ፍሉር 488 በዚያው ቻናል (የማሽኑ የብርሃን መቀበያ) የሚነበብ ሲሆን አሲድንም ብርሃንንም በተሻለ ይቋቋማል። ሁለቱም የማይፈቱት ግን አንድ የአካባቢያችን ችግር አለ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያና የአንጀት ትላትል ብዙ በመሆናቸው በምንቀዳው ደም ውስጥ ኢኦሲኖፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች በዝተው ይገኛሉ፤ እነዚህ ሴሎች ደግሞ ምንም ቀለም ሳይነካቸው በራሳቸው አረንጓዴ ያበራሉ። እንደ ሲዲ3 ያለ በሴሉ ላይ በብዛት የሚገኝ ፕሮቲን በፊትሲ ቢገዛ አያስቸግርም፤ እንደ ሲዲ25 ያለ ጥቂት ፕሮቲን ግን በዚያ ብርሃን ይዋጣል።

ለጥቂቱ ፕሮቲን ፒኢ ይመረጣል። ከቀይ አልጌ የሚወጣ ትልቅ ፕሮቲን ሲሆን እጅግ ደማቅ ነው። ኤፒሲም ጥሩ ድምቀት አለው፣ ሆኖም ቀይ ሌዘር የሌለው ላቦራቶሪ ቢገዛው ገንዘቡን እንደ ጣለ ይቆጠር። ፐርሲፒ ደካማ ነው፤ በብርሃንም ቶሎ ይጠፋል፤ ቦታው እንደ ሲዲ45 ላሉ የተትረፈረፉ ፕሮቲኖች ነው። ብሪሊያንት ቫዮሌት 421 ደማቅ ቢሆንም 405 ናኖ ሜትር ሌዘር ይፈልጋል፤ ከቤተሰቡ ሁለትና ከዚያ በላይ በአንድ ቱቦ ሲቀላቀሉም የተለየ በፈር (የማቅለሚያ መፍትሔ) መግዛት ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ የሚሻው ፒኢ-ሳይ7ን የመሰለ ጥምር ቀለም ነው። ፒኢው የተቀበለውን ኃይል ለሳይ7 ያስተላልፋል፤ ብርሃን ወይም ፎርማልዲሃይድ (ሴሎችን ሳይበላሹ የሚያቆይ ኬሚካል) ሲያገኘው ግን ጥምረቱ ይላላና ብርሃኑ ወደ ፒኢ ቻናል ተመልሶ የሌለ ፕሮቲን ያሳያል። ከዘጌ በጀልባ ደም ሰብስቦ ከቀለም በኋላ በፎርማልዲሃይድ አቆይቶ በማግስቱ ለሚያነብ ቡድን ይህን ቀለም አልመክርም።

በፈሳሽ የሚመጡት ብልቃጦች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለባቸው፣ መቀዝቀዝ እንጂ በረዶ መሆን አይገባቸውም። አንድ ጊዜ የፒኢ ብልቃጥ ከፍሪጁ የኋላ ግድግዳ ጋር አስጠግቼ ትቼ አደርኩ፤ ጠዋት ሳወጣው ከታች በኩል በስስ በረዶ ተይዞ ነበር። ሟሙቶ ሲታይ ያው ሮዝ ቀለሙ ነበረው፤ በማሽኑ ላይ ግን አዎንታዊው ከአሉታዊው መለየት እስኪያቅት ወረደ። ከዚያ ወዲህ ብልቃጦቼ የሚቀመጡት በመካከለኛው መደርደሪያ በካርቶን ውስጥ ነው። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ቦታ በቱቦ ውስጥ ደርቀው የሚመጡ፣ በክፍል ሙቀት የሚቀመጡ ቅይጦች ይሻላሉ፤ ጉድለታቸው ውድነታቸውና የቀለሞቹ ስብጥር አስቀድሞ የተወሰነ መሆኑ ነው።

በዋጋ ረገድ «100 ቴስት» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አይመኑ። አንዱ አምራች ለአንድ ቴስት 5 ማይክሮ ሊትር፣ ሌላው 20 ማይክሮ ሊትር ያዝዛል፤ ብልቃጡ ሲመጣ ልኩን ዝቅ እያደረጉ በራስ ናሙና መሞከር በግማሹ ጥሩ ውጤት የሚገኝበትን አጋጣሚ ያሳያል። «ለምርምር ብቻ» የሚል ምልክት ያለበትን ግን ለታካሚ ውጤት መስጫ ማዋል አይፈቀድም።

እኔ ለባለ አራት ቀለም ማሽን የምጽፈው ትእዛዝ ሲዲ3 በፊትሲ፣ ሲዲ8 በፒኢ፣ ሲዲ45 በፐርሲፒ፣ ሲዲ4 ደግሞ በኤፒሲ ከአርፒኤ-ቲ4 ክሎን ጋር ነው። ሲዲ25 መጨመር ካለበት ፒኢውን ለእርሱ እለቅና ሲዲ8ን በሲዲ45 ቦታ ወደ ፐርሲፒ አዛውራለሁ።