ፊንግ፦ ዋይፋያችን ላይ ማን አለ?

ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ ተከራይ የበዛበት የድሬዳዋ ግቢ ውስጥ የዋይፋይ የይለፍ ቃል ቶሎ ይዛመታል። ፊንግ የተባለው የስልክ መተግበሪያ ዋይፋዩ ላይ ያሉትን መሣሪያዎች ከነአይፒ አድራሻቸው (ዋይፋዩ ላይ ከተሰጣቸው ቁጥር) ጋር ይዘረዝራል፤ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው። መጀመሪያ የቤቱን ስልኮችና ቴሌቪዥን አንድ በአንድ እየለዩ ስም ይስጧቸው። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ለየዋይፋዩ ሌላ ማክ አድራሻ (የመሣሪያ መለያ ቁጥር) ስለሚፈጥሩ፣ የልጅዎ ስልክ እንደ እንግዳ ሊታይ ይችላል። ጎረቤት ከመጠርጠርዎ በፊት እባክዎ ይህን ያጣሩ! ስክሪኑ የጠፋ ስልክም አንዳንዴ ስለማይታይ ማታ ደግመው ይፈትሹ። ማስወጣቱን ግን ለራውተሩ ይተዉት፦ በብሮውዘር 192.168.1.1 ወይም ከራውተሩ ጀርባ የተጻፈውን አድራሻ ከፍተው የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ይቀይሩ፣ ደብሊውፒኤስን (የይለፍ ቃሉን ሳይጽፉ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውን) ያጥፉ፤ የራውተሩ መግቢያ የይለፍ ቃልም «አድሚን» እንደሆነ አይቅር።