የሃይፋ አውቶቡሶች፦ በባሕሩ ዳር ሌላ፣ በቀርሜሎስ ዳገት ሌላ

ሃይፋ ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ተነሥታ የቀርሜሎስን ተራራ ተከትላ ወደ ላይ የምትወጣ ከተማ በመሆኗ፣ የአውቶቡስ አገልግሎቷም በሜዳው ላይና በዳገቱ ላይ ፈጽሞ የተለያየ ነው። በሜዳው ያለው አገልግሎት በእስራኤል ከተሞች ከተሳፈርኩባቸው ሁሉ የተሻለ እንደሆነ በሙሉ ልብ እመሰክራለሁ። በዳገቱ ያለው ግን ገና ብዙ ሥራ ይቀረዋል፤ ጉድለቱም ይበልጥ የሚጎዳው መኪና የሌላቸውንና በዕድሜ የገፉትን ነው።

ለሜዳው አገልግሎት ጥራት ዋናው ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ የጀመረው መትሮኒት የተባለው ፈጣን የአውቶቡስ አገልግሎት ነው። እርስ በርስ የተያያዙ ክፍሎች ያሏቸው ረጃጅሞቹ አውቶቡሶች በአብዛኛው መንገዳቸው ለእነርሱ ብቻ በተከለለ መስመር ስለሚጓዙና በመብራት ላይም ቅድሚያ ስለሚሰጣቸው፣ ማለዳ የግል መኪናው ሁሉ ተጠላልፎ በቆመበት ሰዓት እነርሱ ሳይጨናነቁ ያልፋሉ። በተለይ 1 ቁጥር መስመር በደቡብ በኩል ካለው ከሆፍ ሃካርሜል ጣቢያ ተነሥቶ፣ የታችኛውን ከተማ አቋርጦ፣ ከሃይፋ በስተሰሜን እስካሉት ቂራዮት የተባሉ ከተሞች ይዘልቃል፤ አገልግሎቱም ሌሊቱን አይቋረጥም። ይህ ለሌሊት ተረኛ ጥበቃ፣ ለሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛና አዛውንት ለሚንከባከቡ እህቶቻችን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለታክሲ የቀን ደመወዙን ቆርሶ የከፈለ ሰው ነው።

በአዲስ አበባ ሒሳብ የሚሰበስብ ረዳት መጠበቅ የለመደ እንግዳ እዚህ ላይ ልብ ሊል የሚገባው ነገር አለ። በመትሮኒት በሁሉም በሮች መግባት ይቻላል፤ ሒሳብ የሚጠይቅ ግን የለም፤ ሹፌሩም ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። ተሳፋሪው እንደገባ ወዲያውኑ ራቭ ካቭ የተባለውን ካርድ ማንበቢያው ላይ ማስነካት ወይም በስልኩ መክፈል ይኖርበታል። አውቶቡሱ በተጨናነቀ ጊዜ ማንበቢያው ዘንድ ለመድረስ በሰው መካከል መሽሎክሎክ ግድ ነው፤ ተቆጣጣሪ ከመጣ ደግሞ «ልከፍል ነበር» ማለት ከቅጣት አያድንም። በደንቡ የተወሰነው ዕድሜ ላይ የደረሱ አረጋውያን ነዋሪዎች በነፃ ይጓዛሉ፤ ይሁን እንጂ መብቱ በካርዳቸው ላይ መመዝገብ ስላለበት፣ ልጆች ይህን ለወላጆቻቸው አስቀድመው ቢያስጨርሱላቸው መልካም ነው።

ሃይፋን ከብዙዎቹ የእስራኤል ከተሞች የሚለያት ሌላው ነገር የሰንበት፣ ማለትም የቅዳሜ፣ ጉዞ ነው። ከእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን ጀምሮ በቆየው ልማድ መሠረት፣ አይሁድና ዐረቦች አብረው በሚኖሩባት በዚህች ከተማ የተወሰኑ መስመሮች በሰንበትም ይሠራሉ። ሰንበትን የሚያከብር ሰው እንደማይሳፈር የታወቀ ነው፤ ሆኖም በባት ጋሊም ባለው በራምባም ሆስፒታል ተረኛ ለሆነች ነርስ ይህ አገልግሎት ምንም ምትክ የለውም።

ወደ ዳገቱ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ወደ ሃዳር፣ ወደ ኔቬ ሻአናንና ወደ አሁዛ የሚወጡት መንገዶች ጠመዝማዛና ጠባብ ከመሆናቸውም በላይ፣ በዳር በቆሙ መኪናዎች ምክንያት ሁለት አውቶቡሶች በተገናኙ ቁጥር አንዱ ለሌላው ቆሞ ማሳለፍ አለበት። ፌርማታው ላይ ያለው ሰሌዳ «5 ደቂቃ» ካለ በኋላ ቁጥሩ ድንገት ሲጠፋና አውቶቡሱም ሳይመጣ ሲቀር ብዙ ጊዜ ተመልክቻለሁ። ከመዘግየቱ በላይ ያሳዘነኝ ግን አነዳዱ ነው፦ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት በአንድ እጃቸው ዘንቢል፣ በሌላው ብረቱን ይዘው ገና መቀመጫ ሲፈልጉ፣ ሹፌሩ ዳገቱን በኃይል ጀመረው፤ ከኋላ የነበረ ወጣት ባይደግፋቸው ኖሮ ይወድቁ ነበር። ተሳፋሪው እስኪቀመጥ ጥቂት ሴኮንድ መታገሥ አዲስ በጀት አይጠይቅም።

በእርግጥ ተራራውን ለመውጣት አማራጮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1959 የተከፈተው የምድር ውስጥ ባቡር ካርሜሊት ከፓሪስ አደባባይ እስከ ጋን ሃኤም በፍጥነት ያደርሳል፤ ነገር ግን ጣቢያዎቹ ስድስት ብቻ ናቸው፤ በሰንበትም አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ የጀመረው በገመድ የሚጓዘው ራካቭሊት ደግሞ ከሚፍራጽ ጣቢያ ቴክኒዮን ወደተባለው የቴክኖሎጂ ተቋምና ወደ ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ለሚወጡ ተማሪዎች ትልቅ እፎይታ ሆኗል። በመካከል ባሉት ሰፈሮች ለሚኖሩት ግን ከአውቶቡስ በቀር ሌላ መንገድ የለም።

ስለዚህ በሜዳው ለሚጓዝ ሰው መትሮኒትን ያለ አንዳች ማመንታት እመክራለሁ። ተራራው ላይ የሐኪም ቀጠሮ ያለው ሰው ግን ከሚያስፈልገው አንድ አውቶቡስ ቀድሞ ይውጣ፤ አረጋዊ ወላጅ ይዞ ከሆነ ደግሞ ለሹፌሩ «እስኪቀመጡ ጠብቅ» ብሎ በግልጽ ይንገረው።