ራሱን የሚያስተካክል የትራክተር ባኬት ለማን ያዋጣል?

ለትራክተራቸው የፊት ሎደር (ከፊት የሚገጠም የጭነት ማንሻ ክንድ) መግዛት የሚያስቡ የጎንደር ባለሀብቶች፣ ክንዱ ወደ ላይ ሲነሳ ራሱን ለጥ አድርጎ ለሚይዘው ባኬት (መዛቂያ) ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ተገቢ ስለመሆኑ አዘውትረው ይጠይቃሉ። በሁለቱም ዓይነት ከሠራሁ በኋላ የደረስኩበት ፍርድ፣ መኪና ላይ ለሚጭን ሰው እንደሚያዋጣና አፈር ለሚዝቅ ሰው ግን እንደማያስፈልግ ነው።

በተለመደው ሎደር ባኬቱን የሚያጋድለው ጃክ (በዘይት ግፊት የሚሠራ መግፊያ) ከማንሻው ክንድ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ክንዱ 60 ዲግሪ ሲነሳ ባኬቱም አብሮት 60 ዲግሪ ወደ ኋላ ይጋደማል። ጭነቱ አሸዋ ወይም ፍግ ከሆነ ይህ አይጎዳም፤ እንዲያውም እንዳይፈስ ይረዳል። የሰሊጥ ኩንታል ወይም የታሰረ ድርቆሽ በባኬቱ ቦታ በሚገጠም ሹካ ተነሥቶ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ላይ ሲጫን ግን ሾፌሩ እያነሳ ወደ ፊት ማጋደልን ለአፍታ ከዘነጋ፣ ጭነቱ በክንዶቹ ላይ ተንከባሎ ኮፈኑን ይመታል፤ ጋቢና በሌለው ትራክተር ላይ ደግሞ ራሱን ሾፌሩን ሊመታ ይችላል። በመተማና በቋራ እርሻዎች በምርት መሰብሰቢያ ወቅት ሾፌር እስከ ምሽት እንደሚሠራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ማስተካከያው በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው በክንዱ ጎን ትይዩ በሚሄዱ ተጨማሪ ብረቶች የባኬቱን አቅጣጫ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ዘይቱን በቫልቭ እየከፈለ ወደ ባኬቱ ጃክ ይልካል። እኔ የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው፤ ምክንያቱም ብረቶቹን የሚያያይዘው ፒን ቢበላ ቶርኖ ቤት አስቀርጾ መተካት ይቻላል፣ ቫልቩ ግን ንጹሕ ዘይት የሚፈልግ ስስ ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ ብረቶቹ የራሳቸው ክብደት ስላላቸው ሎደሩ ሊያነሳ ከሚችለው ጭነት ላይ ይቀንሳሉ፤ በከፊልም ቢሆን የሾፌሩን እይታ ይጋርዳሉ፤ ግራሶ የሚፈልጉ ፒኖችንም ያበዛሉ፣ በቆላው አቧራ ደግሞ ግራሶ የተነፈገ ፒን ዕድሜ የለውም።

ሻጮች እምብዛም የማያነሱት ነገር ቢኖር፣ ባኬቱ የሚስተካከለው ከትራክተሩ አንጻር እንጂ ከመሬቱ አግድም ልክ አንጻር አለመሆኑ ነው። ትራክተሩ ተዳፋት ላይ ከቆመ ጭነቱም አብሮት ይዘማል። ትራክተሩ ወደ ፊት እንዳይደፋ ከኋላ የሚንጠለጠለውን የሚዛን ክብደትም አያስቀርም።

በደንቢያ ዋልካ ላይ ቦይ ለሚጠርግ ወይም ለግንባታ ጠጠር ለሚያመላልስ ሰው ተራው ሎደር በቂ ስለሆነ፣ የሚተርፈውን ገንዘብ ለጥሩ ጎማ ቢያውለው ይሻላል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ ባኬቱ መሬት ላይ እንዳረፈ የጎን ብረቶቹን በእጁ ይነቅንቃቸው፤ ከተንገጫገጩ የፒንና የቡሺንግ (ፒኑ የሚገባበት ቀለበት) ማስቀየሪያውን ከዋጋው ላይ ያስቀንስ።