ባለ 3 ቶኑ ክሪክና ካቫሌቶዎቹ፦ ከ16 ወር የቤት ጋራዥ ሥራ በኋላ

ክሪኩን (የመኪና ማንሻውን) የገዛሁት ቶኑን አይቼ ነው። ባለ 2 ቶንና ባለ 3 ቶን ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ «ይትረፍ እንጂ አይጉደል» ብዬ ትልቁን ወሰድኩ። አሁን 16 ወር ሞላው። ዘይት ቀይሬበታለሁ፣ የፊትና የኋላ የፍሬን ሸራ ቀይሬበታለሁ፣ ጎማ አዟዙሬበታለሁ፣ የፊት አሞርዛቶሪዎችንም (የመኪናውን መንቀጥቀጥ የሚያበርዱትን) አውርጄበታለሁ። ከ40 ጊዜ በላይ መኪና ካነሳሁበት በኋላ የምለው ይህን ነው፦ ክሪክ ስትመርጡ ቶኑን መጨረሻ ላይ እዩት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። መኪናዬ ባዶውን 1300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሞተሩም ማርሹም ከፊት ስለሆነ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ የሚያርፈው በፊት ጎማዎች ላይ ነው። ፊቱን በሙሉ ሳነሳ ክሪኩ የሚሸከመው 800 ኪሎ ገደማ ነው፤ የቀረውን የኋላ ጎማዎች ይዘውታል። አንዱን ጎማ ብቻ ሳነሳ ከዚያም ያንሳል። ለእንዲህ ያለ የቤት መኪና ባለ 2 ቶኑ ከበቂ በላይ ነበር። ባለ 3 ቶኑ የጠቀመኝ በጉልበቱ ሳይሆን በአካሉ ነው፤ ክንዱ ረጅም ነው፣ መሠረቱ ሰፊ ነው፣ ሲነሳ አይወዛወዝም። በዚያው ልክ 35 ኪሎ ይመዝናል። የሚሠራበት ቦታ ከሚያስቀምጥበት የራቀ ሰው ቀለል የሚለውን የአሉሚኒየም ክሪክ ቢመርጥ ልክ ነው።

ሳልለካ የገዛሁት ቁመቱን ነው። ክሪኩ እስከ መጨረሻው ሲወርድ ራሱ ከመሬት 14 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀራል። መኪናዬ ደግሞ ከፊት ዝቅ ያለ ነው፤ ፊቱን በአንድ ጊዜ ለማንሳት ክንዱ ከሞተሩ ሥር ወዳለው ተሻጋሪ ብረት መድረስ አለበት፤ እዚያ ሳይደርስ መከላከያው ላይ ይቆማል። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባላቸው ሁለት ጣውላዎች ላይ ነድቼ አወጣለሁ፣ ከዚያ ክሪኩን አስገባለሁ። ጎማ ተንፍሶ ከሆነ መኪናው ይብስ ይወርዳል፤ ያኔ ጣውላውም አያዋጣም። ዝቅ ተብለው የተሠሩ ክሪኮች ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይወርዳሉ። ዛሬ ብገዛ ሜትር ይዤ መኪናው ሥር ተንበርክኬ እለካለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ገበያ የምወጣው።

የላይኛው ቁመትም እንዲሁ ይታያል። ክሪክ መግፋት ሲጀምር የመኪናው አካል ከፍ ይላል እንጂ ጎማው ወዲያው ከመሬት አይላቀቅም፤ መጀመሪያ ሞላው ይዘረጋል። በእኔ መኪና የመጀመሪያው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ በዚሁ ያልቃል። «እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ያነሳል» የተባለ ክሪክ ጎማ ለመቀየር ይበቃል፤ ሥሩ ገብቶ ለመሥራት ግን ያጥራል። የእኔ እስከ 50 ይሄዳል፣ ከካቫሌቶ (የተነሳውን መኪና ተሸክሞ ከሚያቆየው የብረት ማቆሚያ) ጋር ምቹ የሆነልኝም በዚህ ነው።

አሁን በሦስተኛው ወር ስለደረሰው ነገር። የፊት ቀኝ ጎኑን በመኪናው በር ደጃፍ ሥር ባለው ማንሻ ቦታ እያነሳሁ ነበር። መያዣውን ስጭነው ከወትሮው ከበደኝ፣ ከዚያ አጭር የብረት ጩኸት ሰማሁ። አንድ ጊዜ ደግሜ ስጭን የክሪኩ ራስ ሦስት ጣት ያህል ወደ ጎን ሸሸ። ወዲያው ቀስ ብዬ አወረድኩት። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከክሪኩ የፊት ጎማዎች አንዱ ሥር ትንሽ ዳዶ ተሸጉጣ አገኘሁ። የደጃፉ ሥር ጠርዝ ትንሽ ታጥፏል። ሥሩ ሰው አልነበረም፣ ጎማውም ገና አልተፈታም፤ ጉዳቱ በዚያው አበቃ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የክሪኩ ክንድ በአንድ ጫፉ ተይዞ ስለሚነሳ ራሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይሄድም፤ ቅስት እየሠራ ይወጣል። መኪናው ባለበት ከቆመ መንከባለል ያለበት ክሪኩ ነው፤ ጎማ የተሠራለትም ለማጓጓዣ ብቻ አይደለም። አንዲት ዳዶ፣ ጠጠር ወይም የወለል ስንጥቅ ጎማውን ከያዘው ራሱ መኪናውን ይጎትታል ወይም ይንሸራተታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጥረጊያውን ክሪኩ አጠገብ ሰቅያለሁ፤ ሳልጠርግ አላነሳም። አፈር ወይም የሞቀ አስፋልት ላይ ደግሞ የክሪኩ ጎማ ስለሚሰምጥ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ወይም ጣውላ ሥሩ አነጥፋለሁ። ለክሪኩ ራስም መሐሉ የተሰነጠቀ የጎማ ትራስ ገዛሁለት፤ የደጃፉ ጠርዝ ስንጥቁ ውስጥ ስለሚገባ ብረቱ አይታጠፍም፣ አይሸሽምም።

በሰባተኛው ወር ክሪኩ መስመጥ ጀመረ። መጀመሪያ ዓይኔን ጠርጥሬ ነበር። ከዚያ አንድ ማታ መኪናውን አንስቼ፣ ካቫሌቶዎቹን ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጌ ለጥንቃቄ ሥሩ አስቀምጬ፣ በክንዱ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። ጠዋት ስመለስ መኪናው ካቫሌቶዎቹ ላይ ተኝቶ አገኘሁት።

የሃይድሮሊክ ክሪክ አሠራር ፓስካል ያስረዳው ነው፦ በተዘጋ ፈሳሽ ውስጥ ያለ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል። በመያዣው የምንጭነው ትንሹ ፒስተን 1 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ቢኖረውና የሚያነሳው ትልቁ 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የቆዳ ስፋታቸው 16 እጥፍ ይለያያል፤ ጉልበቱም 16 እጥፍ ይሆናል፣ በዚያው ልክ ትልቁ የሚጓዘው የትንሹን አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ዘይቱ ሳያመልጥ ከተያዘ ነው። ማውረጃው ቫልቭ ላይ ቆሻሻ ከተቀመጠ ወይም ኦሪንጉ (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ካረጀ ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ውስጡ አየር ከገባ ደግሞ አየር ስለሚታመቅ መያዣው እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል።

የእኔ ሁለቱም ነበረበት። ማውረጃውን ከፍቼ መያዣውን ወደ 15 ጊዜ በባዶው መታሁት፤ አየሩ ወደ ማጠራቀሚያው ወጣ። የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍት ጎድሎ አገኘሁት፣ በሃይድሮሊክ ዘይት ሞላሁት። ለስላሳነቱ ጠፋ፣ መስመጡ ግን ሙሉ በሙሉ አልቆመም፤ አሁንም በአንድ ሌሊት ጥቂት ሚሊ ሜትር ይወርዳል። አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ የፍሬን ዘይት ፈጽሞ እንዳትጨምሩበት። እሱም ሃይድሮሊክ ስለሚባል ብዙ ሰው ይሳሳታል። የክሪክ ኦሪንጎች የተሠሩት ለማዕድን ዘይት ነው፤ የፍሬን ዘይት ያሳብጣቸዋል፣ ያበላሻቸዋል።

ከዚህ ሁሉ ጋር የሚሰምጥ ክሪክ አያስፈራኝም። ክሪክ ማንሻ ነው፤ መኪና ተሸክሞ የሚቆየው ካቫሌቶ ነው። ስለዚህ ጊዜ ወስዳችሁ ልትመርጡት የሚገባው እሱን ነው። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ጥርስ ያለውንና ወደ ላይ ሲሳብ «ቀጭ ቀጭ» እያለ የሚይዘውን ነበር። ፈጣን ነው፤ ሸክሙን የሚይዘው ግን አንድ ምላስ ከአንድ ጥርስ ጋር በመገጣጠሙ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ ካቫሌቶዎች በብዛት ከገበያ እንዲመለሱ ተደርጎ ነበር፤ ማምረቻው አርጅቶ ምላሱና ጥርሱ በሙሉ ጥልቀት አልገጠሙም። በምትካቸው ከተሰጡት ውስጥም ከፊሉ በብየዳ ጉድለት ተመልሷል። ይህን ካነበብኩ በኋላ የእኔን ከሸክም በፊት አንድ በአንድ እያነሳሁ ምላሱ እስከ ሥሩ መግባቱን በባትሪ ብርሃን ማየት ጀመርኩ። በአሥረኛው ወር ወፍራም ፒን በቀዳዳ አሳልፎ የሚቆለፈውን ዓይነት ጨመርኩ። የከፍታ ምርጫው ጥቂት ነው፤ ፒኑ ግን ገብቷል ወይም አልገባም፣ መሐል የለውም። አሁን ሥሩ የምገባው በእነዚህ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው።

የተጻፈባቸውንም አቅም በደንብ አንብቡ፤ አንዳንዱ ላይ ያለው ቁጥር የአንዱ ሳይሆን የጥንዱ ነው።

መኪናው ካቫሌቶ ላይ ካረፈ በኋላ ገና ጎማው ሳይወጣ በሁለት እጄ ጎኑን በኃይል እገፋዋለሁ። የሚወድቅ ከሆነ እኔ ውጭ ቆሜ ይውደቅ። ከዚያ ክሪኩን በስሱ አስነክቼ እተወዋለሁ፤ የፈታሁትን ጎማም ከደጃፉ ሥር አስተኛዋለሁ።

ስለ ታኮ (ጎማ እንዳይንከባለል ሥሩ ስለሚደረገው ማገጃ) ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። በአብዛኛው መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። የኋላውን ስታነሱ ፍሬን የያዛቸው ጎማዎች አየር ላይ ናቸው፤ መሬት የነኩት የፊቶቹ ደግሞ ነፃ ናቸው። በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ከሆነ ማርሽ ውስጥ ማስገባት ወይም አውቶማቲኩን ፒ ላይ ማድረግ ይረዳል፤ ታኮው ግን የግድ ነው፣ ከጎማው ፊትም ኋላም።

ወደ ቁልፎቹ ልምጣ። ከ200 በላይ ዕቃ የያዘ ሳጥን ነበር የገዛሁት። በ16 ወር ውስጥ ከእጄ ያልወጡት 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ 19 እና 21 ቁጥር ናቸው። ግማሹን ሳጥን አንድም ቀን አልነካሁትም። ዛሬ ቢሆን ትንሽ ግን ጥሩ የቡሶላ (ዳዶ ላይ ተሰክቶ የሚፈታ ቁልፍ) ስብስብ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን፣ እገዛ ነበር። ባለ 12 ማዕዘኑ የዛገ ዳዶ ላይ ጠርዙን ይበላዋል፤ ባለ 6ቱ ግን የሚይዘው በጠርዙ ሳይሆን በገጹ ነው። ለኢምፓክት (እየመታ ለሚፈታ ማሽን) ጥቁሮቹ ቡሶላዎች ብቻ ናቸው የሚሆኑት፤ የሚያብረቀርቀው ክሮም ጠንካራ ቢሆንም በተደጋጋሚ ምት ይሰነጠቃል፣ ስባሪውም ዓይን ያጠፋል።

ለጎማ ዳዶ ረጅም እጀታ ያስፈልጋል፤ መፍታት የሚጀመረውም ጎማው መሬት ላይ እያለ ነው። ተነስቶ ከሆነ መታገሉ መኪናውን ከካቫሌቶው ሊጥለው ይችላል።

ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይልን የሚለካ ቁልፍ) «የባለሙያ ዕቃ ነው» ብዬ ዘግይቼ የገዛሁት ነው፤ ያዘገየሁትም ዘይት ማፍሰሻውን ብሎን በእጄ ስሜት ብቻ እያጠበቅሁ ነበር። የዘይት መያዣው አሉሚኒየም ነው። ሦስተኛው ዘይት ቅየራ ላይ ብሎኑ ጥብቅ ሊል ሲገባው ለስለስ አለብኝ፤ ጥርሱ መውጣት ጀምሮ ነበር። ጥርሱን እንደገና አስቆረጥኩትና በማግስቱ ቶርክ ሬንቹን ገዛሁ። የመኪናዬ መመሪያ ለዚያ ብሎን የሚጠይቀው 39 ኒውተን ሜትር ነው። በእጄ የማጠብቀው ከዚያ ምን ያህል ይበልጥ እንደነበር ያወቅሁት መሣሪያው ቶሎ «ጠቅ» ሲል ነው፤ ገና ያልጠበቀ መስሎኝ ነበር። ለጎማ ዳዶ ደግሞ ብዙ የቤት መኪናዎች ከ90 እስከ 140 ኒውተን ሜትር ይጠይቃሉ፤ የራሳችሁን ከመመሪያው ውሰዱ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም ደግማችሁ ፈትሹ። ጠቅ የሚለው ዓይነት ከሆነ ሥራ ሲያልቅ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሱት፣ ውስጡ ያለው ሞላ ተጨምቆ አይደር። ለመፍታትም አትጠቀሙበት።

የሞላ መጭመቂያ አልገዛሁም፣ አልገዛምም። አሞርዛቶሪዎቹን ሳወርድ ሞላውን ከላዩ የማውጣቱን ሥራ ለባለሙያ ሰጠሁ። የተጨመቀ ሞላ ቢያመልጥ የሚያደርሰው ጉዳት የመኪና መውደቅን ያህል ነው፤ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ለሚሠራ ሥራ ያን አደጋ ቤት ማስገባት አልፈልግም።

ባለ ሁለት ምሰሶ ማንሻ ብዙ ጊዜ ተመኝቻለሁ። ምሰሶዎቹ ወለሉ ውስጥ በብሎን ስለሚታሰሩ ኮንክሪቱ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና በቂ ጥንካሬ ሊኖረው ይገባል፤ መኪናውን ሰው ሥሩ ቆሞ እስኪሠራበት ድረስ ለማንሳትም ጣሪያው 3 ሜትር ተኩል ያህል መሆን አለበት። የእኔ ወለል ስንት ውፍረት እንዳለው ለማወቅ ጥግ ላይ ቀድጄ ለካሁት፦ 7 ሴንቲ ሜትር። በዚያው ሐሳቡን ተውኩት።

ክሪኩን አሁን የማስቀምጠው ክንዱን እስከ መጨረሻው አውርጄ ነው፤ የፒስተኑ ዘንግ ውጭ ካልቀረ አይዝግም፣ ኦሪንጉንም አይበላም። የቀረው ሥራ ኦሪንጎቹን መቀየር ነው። ለሞዴሉ የሚሆነውን ስብስብ ስፈልግ ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ የተገኘው ከክሪኩ ጎን የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር አጽድቼ አንብቤ በዚያ ስጠይቅ ነው። ቀጣዩን ክሪክ ስገዛ፣ ኦሪንጉ ለብቻው የማይሸጥለትን ሞዴል አልወስድም።