የአበባ መትከያ፦ ፎቶ አይቶ ማዘዝ ወይስ ቀጨኔ ሄዶ ሸክላ መግዛት?

ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ቴሌግራም ላይ ያዘዝኩት ፕላስቲክ ፎቶው ላይ ከወንበር እኩል የቆመ ትልቅ ነገር ነበር፣ ሲመጣ ግን አፉ 15 ሳንቲሜትር፣ ለካ ወንበሩ በኤዲቲንግ የገባ ነው፣ የሁለቱ ጥላ እንኳን ወደተለያየ አቅጣጫ ነው የወደቀው፣ ምነው ቀድሜ ባየሁት ኖሮ። ደግሞ ስፋቱም ቁመቱም በግማሽ ሲያንስ የሚይዘው አፈር ግማሽ አይደለም፣ አንድ ስምንተኛ ነው! ስለዚህ "ትልቅ ነው" ሲሏችሁ የአፉን ስፋትና ቁመቱን በሳንቲሜትር ጠይቁ፣ ሜትር ተይዞበት የተነሳ ፎቶ ይላኩ፣ ታችኛውንም አሳዩኝ በሉ፣ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ከሌለው ሥሩ ይበሰብሳል።

የቀጨኔ እናቶች የሚሠሩትን ሸክላ ግን በእጃችሁ ታነሱታላችሁ፣ አንኳኩታችሁ ድምፁን ትሰማላችሁ፣ የተሰነጠቀ ከሆነ ያስታውቃል። ይከብዳል፣ ታክሲ ላይ ያስቸግራል፣ አፈሩም ቶሎ ስለሚደርቅ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት አለ። ለሬት ግን በጣም ይስማማል፣ ውሃ ሲበዛበት አይወድም።

እኔ አሁን ኦንላይን የማዘው በረንዳ ላይ የሚንጠለጠለውን ቀላሉን ብቻ ነው፣ እሱንም መጠኑን በጽሑፍ ከላኩልኝ።