«ዲናሞው አብቅቶለታል» የተባለው ያገለገለ ትሬድሚል

ይህን ትሬድሚል የገዛሁት ባለፈው ሰኔ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ፒያሳ አካባቢ ያገለገሉ የስፖርት ዕቃዎችን ከሚሸጥ አንድ ሱቅ ነው። ለማሽኑ 42,000 ብር፣ ለጭነት መኪናውና እስከ ሦስተኛ ፎቅ ላወጡልኝ ተሸካሚዎች ደግሞ 2,500 ብር ከፍያለሁ። የሱቁን ስም ማንሣት አልፈልግም፤ የማሽኑን ስም ለመጻፍም አልታደልኩም፤ ግንባሩ ላይ የነበረው ተለጣፊ ተልጦ ከሁለት ፊደል በቀር የቀረ ነገር የለም። ቀደም ሲል የምሮጠው ጃንሜዳ ነበር፤ ቤቴ አራት ኪሎ ስለሆነ ሩቅ አይደለም። ይሁንና ከሰኔ እስከ መስከረም ከዝናቡና ከጭቃው ጋር መታገል ስለታከተኝ፣ ክረምቱን እንኳ ቤት ውስጥ ልሩጥ ብዬ የገባሁበት ነገር ነው።

ሱቁ ውስጥ ማሽኑ ምንም እንከን አልታየበትም፤ አሁን ሳስበው ግን እንከኑ ማሽኑን ባሳዩኝ አኳኋን ላይ ነበር። ሻጩ ሰው ሳይወጣበት፣ ባዶውን፣ በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር ለአንድ ደቂቃ ያህል አሽከርክሮ አጠፋው፤ ከውጭ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ፣ ከውስጥ የሬዲዮ ዘፈን ይሰማ ነበር። በዚያም መካከል የሆነ የሚያጉረመርም ነገር ሰምቼ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ማሽን እኮ ነው፤ ድምፅ ከሌለውማ አልተነሣም ማለት ነው» አለኝ፤ እኔም ስቄ ከፈልኩ። ያገለገለ ትሬድሚል የሚገዛ ሰው ሬዲዮውን አስጠፍቶ፣ ራሱ ወጥቶበት፣ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ በሰዓት ስምንት ኪሎ ሜትር ሳይሮጥበት ገንዘቡን ከኪሱ ባያወጣ ይሻለዋል።

«ሦስት የፈረስ ጉልበት ነው» የተባለውም ነገር ቤት ደርሼ ከታች የተለጠፈውን ሰሌዳ ሳነብ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሰሌዳው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 1,100 ዋት ይላል፤ አንድ የፈረስ ጉልበት ወደ 746 ዋት ስለሆነ፣ ማሽኑ ከመስመር የሚወስደው ኃይል አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት እንኳ አይሞላም። በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ሞተሩ ለቅጽበት ይደርስበታል የሚባለው ጣሪያ እንጂ ሳያቋርጥ የሚሠራበት አቅም አይደለም። ለእኔ ክብደትና ለቀስታ ሩጫ ይህ በቂ ስለሆነ ቅር አላለኝም፤ ቮልቴጁ ግን ሳይነበብ መታለፍ የለበትም፤ ከአሜሪካ የመጣ ማሽን 110 ወይም 120 ቮልት የሚጠይቅ ስለሚሆን ያለ ትራንስፎርመር የእኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ ያን ጊዜውኑ ይቃጠላል።

በመጀመሪያው ሌሊት፣ ለንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ተነሥቼ መሮጥ ጀመርኩ። ገና ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ከሥሬ የሚኖሩት እናት ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ቆመው «ልጄ፣ ወፍጮ አስገባህ እንዴ?» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ ሸኘኋቸው፤ ቃላቸው ግን ትክክል ነበር፤ ማሽኑ ላይ ሰው ሲወጣበት ከአሮጌ ወፍጮ የሚለይ አልነበረም።

በሳምንቱ አንድ ጠጋኝ አስመጣሁ። ማሽኑን ሁለት ደቂቃ ያህል አስነሥቶ ካዳመጠ በኋላ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ዲናሞው አብቅቶለታል» ብሎ ሞተሩን ለመቀየር 16,000 ብር ጠየቀኝ። የመጣበትን ከፍዬ አሰናበትኩት፤ ያላመንኩትም ስለ ዲናሞ ከእሱ የተሻለ ስለማውቅ ሳይሆን፣ እሱ «ድምፁ» እያለ በነጠላ የጠራው ነገር ለጆሮዬ ቢያንስ ሦስት የተለያየ ድምፅ ስለነበረ ነው። አንደኛው እግሬ ባረፈ ቁጥር የሚመጣ ሲጥ ሲጥ የሚል ነው። ሁለተኛው ሰው ወጣበትም አልወጣበትም የማይቋረጥ፣ ፍጥነቱ ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ጉርምርምታ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በየተወሰነ ጊዜ አንድ ጊዜ ጓ የሚል ምት ነው። እነዚህን ሳይለዩ ዲናሞ መቀየር ለሦስት በሽተኛ አንድ መድኃኒት እንደማዘዝ ነው።

በመጀመሪያ ያጣራሁት የተወነጀለውን ዲናሞ ነው። ማሽኑን ከሶኬት ነቅዬ ጥቂት ደቂቃ ጠበቅሁ፤ የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ከተነቀሉ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዘው ስለሚቆዩ ይህ ለይስሙላ የሚደረግ ጥንቃቄ አይደለም። ከዚያም ክዳኑን በካቻቢቴ ፈትቼ፣ ዲናሞውን ከፊተኛው ሮለር ጋር የሚያገናኘውን ትንሹን ቺንጋ ከፑሌጃው ላይ አወለቅሁና፣ እጄን ከሚሽከረከረው ነገር ሁሉ አርቄ፣ ሲጎተት ማሽኑን የሚያቆመውን የደኅንነት ቁልፍ ገመድ በእጄ ይዤ በዝቅተኛው ፍጥነት አስነሣሁት። ዲናሞው ለብቻው ሲዞር ከአየር ሽውታ በቀር ድምፅ አልነበረውም። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ማሽኑ የስሕተት ምልክት አሳይቶ ቆመ፤ ይህም የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ፍጥነት የሚያነበው ሴንሰር በእኔ ማሽን ሮለሩ ላይ ስለሚገኝ፣ ቺንጋው ሲወልቅ ሮለሩ አይዞርም፤ መቆጣጠሪያውም ማሽኑ የታሰረ ይመስለዋል። ይህ ሙከራ በከፍተኛ ፍጥነት ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ አንዳንድ ማሽን ፍጥነት ያጣ መስሎት ዲናሞውን ያለ ልክ ሊያስጋልበው ይችላል። የእኔ ፈተና አሥር ሰከንድ እንኳ አልፈጀም፤ ያዳነልኝ ግን 16,000 ብር ነው።

ጓ የሚለውን ምት የያዝኩት በሒሳብ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 1.67 ሜትር ገደማ ነው። እግር የሚያርፍበትን ሰፊውን ቀበቶ ዙሪያውን በሜትር ስለካው 2.8 ሜትር ሆነ፤ ስለዚህ አንድ ዙር ለመጨረስ 1.7 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል ማለት ነው። ሮለሩ ግን 4.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሰፋ በዚያው ፍጥነት በሰከንድ አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ከእሱ የሚመጣ ጉድለት ተለይቶ የሚቆጠር ምት ሳይሆን የተያያዘ ጉርምርምታ ሆኖ ነው የሚሰማው። በስልኬ ሰዓት ይዤ ምቱን ስቆጥር በአሥራ ሰባት ሰከንድ ውስጥ አሥር ጊዜ መታ። ጥፋቱ እንግዲህ ቀበቶው ላይ ነው። የቀበቶው መጋጠሚያ ተላቆ ይሆናል ብዬ ሠግቼ ነበር፤ ማሽኑን ነቅዬ ቀበቶውን በእጄ እየገፋሁ ውስጡን ስዳብስ ግን ያገኘሁት ሦስት ጣት የሚያህል፣ አቧራ ጠጥቶ የደረቀ የማሸጊያ ፕላስተር ነው። መቼም ከየት አገር ጀምሮ ተጣብቆ እንደመጣ እንጃ፤ በጥፍሬ ላጥኩት፤ ምቱም በዚያው ቀረ።

ሲጥ ሲጥ የሚለው ደግሞ የድርቀት ድምፅ ነው። ቀበቶው የሚንሸራተተው ከሥሩ ባለው ጣውላ ላይ ስለሆነ፣ በሁለቱ መካከል ቅባት ከሌለ የሰው ክብደት ሲያርፍበት ይጮኻል፤ ዲናሞውም ከመጠን በላይ እየጎተተ ይሞቃል። ለዚህ የሚሆነው ንጹሕ የሲሊኮን ዘይት ብቻ ነው። ሻጩ ደውዬ ስጠይቀው «የሞተር ዘይት ጠብ አድርግበት» ብሎኛል፤ ይህን ምክር የሰማ ሰው ቀበቶውን እንደሚያጣ ይወቅ፤ ከነዳጅ የተጣራ ዘይት ጎማውን ያላላል፤ አቧራ ሰብስቦም ጣውላውን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል። እኔ ጣውላውን በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ፣ የቀበቶውን ጠርዝ በግራና በቀኝ እያነሣሁ በድምሩ ሠላሳ ሚሊ ሊትር ያህል አፈሰስኩበት፤ ከዚያም ዘይቱ እንዲዳረስ ለአምስት ደቂቃ በቀስታ ተራመድኩበት። ፋብሪካው ራሱ በሰም የቀባቸውና ዘይት የማይፈልጉ ጣውላዎችም ስላሉ፣ ከማፍሰስ በፊት እጅን አስገብቶ መዳሰስ ይገባል፤ የእኔው ግን እንደ ኖራ የደረቀ ነበር።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ጉርምርምታው ነው። ከኋላ ያለውን ሮለር ለማውጣት ጫፍ ላይ ያሉትን ሁለት ቡሎኖች በብሩጎላ መፍታት በቂ ነው፤ ሆኖም በሚፈታበት ጊዜ እያንዳንዱ ቡሎን ስንት ዙር እንደተፈታ ቆጥሮ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ይህን ያላደረገ ሰው ሲገጥም ቀበቶው ወደ አንድ ጎን እየሸሸ አሳሩን ያየዋል። ሮለሩን አውጥቼ ዘንጉን በጣቶቼ ሳዞረው ውስጡ ጠጠር ያለበት ያህል ይንገጫገጭ ነበር። ሮለሩ በዘንጉ ላይ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት፣ ኩሽኔታው ነው። ጎኑ ላይ 6203 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል፤ ይህም የውስጥ ቀዳዳው 17፣ የውጭ ስፋቱ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ማለት ሲሆን፣ በየትም አገር ቢሠራ ልኩ አንድ ነው። ስለዚህ የትሬድሚል መለዋወጫ ፍለጋ መንከራተት አላስፈለገኝም፤ ቀጥታ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድኩ። «ቤሪንግ» ብዬ ስጠይቅ ባለ ሱቁ «ኩሽኔታ በለው፣ ወንድሜ» ብሎ አረመኝ፤ ቺንጋ፣ ብሩጎላ፣ ካቻቢቴ፣ ፑሌጃ ሁሉም ከጣሊያን ወርሰን የያዝናቸው ስለሆኑ እርማቱን በደስታ ተቀበልኩ። ቀጥሎ የመጣው «ኦሪጅናል ነው ወይስ ቻይና?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ ነው፤ የተሻለውን አንዱን በ450 ብር ሂሳብ ሁለት ገዛሁ። በሁለቱም ጎን የጎማ ሽፋን ያለውን መምረጥ አቧራ ለሚበዛበት ቤት ይጠቅማል።

አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ማስገባት የቤት ሥራ አይደለም፤ በመዶሻ የገባ ኩሽኔታ ገና ሳይሠራ ይጎዳል። ቶርኖ ቤት ወስጄው በ600 ብር ገጠሙልኝ። ስለ ቶርኖ ቤቱ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው፤ ልጁ ሮለሩን ከገጠመ በኋላ ዘንጉን አዙሮ በጆሮው አስጠግቶ አዳመጠ፤ «አሁን ስማው» ብሎም ሰጠኝ። ጠጋኙ ይህን ግማሹን ያህል ቢያደርግ ኖሮ ዛሬ ደንበኛው በሆንኩ ነበር።

መልሼ ስገጥም ቀበቶውን ከመጠን በላይ እንዳልወጥረው ተጠነቀቅሁ፤ ከመሐል ጠርዙ ሲነሣ አምስት እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ከዚህ በላይ የተወጠረ ቀበቶ አዲሶቹን ኩሽኔታዎች በአጭሩ ይፈጃቸዋል። ወደ ቀኝ ሲሸሽብኝ የቀኙን ቡሎን ሩብ ዙር አጠበቅሁና ለሁለት ደቂቃ አየሁት፤ በዚያው ተስተካከለ።

የቀረው የወለሉ ነገር ነበር። ማሽኑ ሴራሚኩ ላይ በሦስት እግሩ ቆሞ አራተኛው ተንጠልጥሎ ኖሯል፤ እግሩን አዙሬ አስተካከልኩና ከሥሩ በ2,800 ብር የተገዛ ወፍራም ጎማ አነጠፍኩ። ጎማው የማሽኑን ንዝረት ውጦታል፤ የእግሬን ምት ግን ሙሉ በሙሉ አይውጠውም፤ ሰው ሲሮጥ የሚወርደው ክብደት በኮንክሪቱ አልፎ ለታችኛው ቤት ጣሪያ ይደርሳል፤ ለዚህ ዘይትም ኩሽኔታም መፍትሔ አይሆነውም።

የ900 ብሩን ሲሊኮን ጨምሮ ለጥገናው በጠቅላላ 5,200 ብር አወጣሁ። ማሽኑ አሁን በሰዓት እስከ አሥር ኪሎ ሜትር ድረስ ሰው አጠገቡ ቆሞ በዝግታ የሚያወራበት ያህል ጸጥተኛ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ የዲናሞው ክዳን ይንቀጫቀጫል፤ እኔም ከዚያ በላይ አልሮጥበትም። ማሽኑን እንደዚህ ባለው ዋጋ እንደገና ብገዛው አይቆጨኝም፤ ሱቁን ግን ለወዳጄ አልጠቁመውም፤ የተበላሸ ዕቃ ስለሸጠልኝ ሳይሆን፣ ስደውልለት በሞተር ዘይት ሊገላግለኝ ስለሞከረ ነው።

ጥገናው እንዳለቀ ከሥሬ ወዳሉት እናት ወርጄ ማሽኑን ሳስነሣ ከቤታቸው ሆነው እንዲያዳምጡልኝ ለመንኳቸው። ወፍጮው መቆሙን መሰከሩልኝ፤ ኮቴዬ ግን ይሰማቸዋል። «ለምን በኪዳን ሰዓት አትሮጥም፤ ያን ጊዜ እኔ ሥላሴ ነኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት በራቸው ሲዘጋ ስሰማ ጫማዬን አጠልቃለሁ።